አሥር መሰናክልና አንድ እፍኝ ቆሎ

በ፳፻፲፭ ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ልጄ ለአገሯ ልትሮጥ ባሕር ማዶ ሄደች። የእርሷ ሩጫ መቶ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን አሥር መሰናክል እየዘለሉ ነው የሚሮጡት። ባለፈው ዓመት ሰባተኛው ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተሰፍቷል። ሐኪሙም «ዳግመኛ ከወደቅሽ ሩጫው ይቅርብሽ» ብሏታል። ስለዚህ እኔ ሜዳልያ አልለመንሁም። እንዳትወድቅ ብቻ ነበር ልመናዬ።

ከመሄዷ በፊት ስለ ጾሙ የነፍስ አባታችንን ጠየቅናቸው።

«እርሷ መንገደኛ ናት፣ ትብላ። አንቺ ጹሚላት» አሉኝ።

እኔም ዘወትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾመውን በእርሷ ፈንታ እስከ አሥራ አንድ አደረግሁት።

የውድድሯ ዕለት እኛ አገር ቢቸና መብራት ጠፋ። ሞጣ እኅቴ ዘንድ ሄጄ ሩጫውን በቴሌቪዥን ለማየት በጠዋት መኪና ተሳፈርሁ። ግንደወይን ላይ ስንቆም አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት መዳፌ ላይ ቆሎ ዘገነችልኝ።

«ለኋላ ያዢው» አለችኝ።

ሐሳቤ ሁሉ ልጄ ዘንድ ነበር። የነቃሁት ቆሎውን ቆርጥሜ ጨርሼ እጄ ባዶ ሲሆን ነው። አራት ሰዓት እንኳ አልሞላም። የልጄን ጾም በዛሬዋ ቀን ፈታሁት፤ ብትወድቅ የጣልኋት እኔ ነኝ አልሁ በልቤ።

ሞጣ ስደርስ ለእኅቴ አልነገርኋትም። አሥር ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ሯጮቹ ተሰልፈዋል፣ የእኔዋ ዳር ላይ ናት። ዓይኔን በነጠላዬ ሸፈንሁ።

«እታለም፣ ግለጪው እንጂ!» አለች እኅቴ።

«አንቺ እዪልኝ።»

«ለማየትም ውክልና አለ እንዴ?» አለ ባሏ።

ተኩሱ ሲሰማ ግን ገለጥሁት፤ መቍጠር ያዝሁ። ሰባተኛው ላይ እግሯ መሰናክሉን መታው። መሰናክሉ ተገለበጠ፣ እርሷ ተንገዳገደች።

«እመቤቴ፣ ቆሎውን በእኔ ቍጠሪው!» ብዬ ጮኽሁ።

«የምን ቆሎ?» አለች እኅቴ።

ልጄ ቀና አለች። ስምንተኛውን አለፈች፣ ዘጠነኛውን፣ አሥረኛውን። ከሁሉም ኋላ ገባች። እኔ ግን እልል አልሁ።

«ኧረ ሰው ይሰማሻል! መጨረሻ እኮ ነው የወጣችው!» አለች እኅቴ።

«በእግሯ ነው የገባችው» አልኋት።

ባሏ ሳቀ። «አንደኛ ብትወጣማ እርስዎ ጣራውን ያወርዱብን ነበር።»

ጥቂት ቆይታ ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ አልወደቅሁም» አለችኝ። «አይቻለሁ፣ ተመስገን» አልኋት። ስለ ቆሎው ግን አልነገርኋትም።

በማግስቱ ጠዋት ከእኅቴ ቤት ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ኪዳን አድርሼ ስወጣ በሩ ላይ ለተቀመጡት ነዳያን እፍኝ እፍኝ ሰጠኋቸው።

«ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እንዳትቀምሱት» አልኋቸው።

«እኛስ እናውቃለን፣ ልጄ» አሉኝ አንዲት አሮጊት።

እጃቸውን ስሜ፣ ነጠላዬን አራግፌ፣ የቢቸናን መኪና ያዝሁ።