የትርኪ ምርኪ ቦታ በቦንጋ ገበያ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲታይ ምን ይወጣዋል? ወጣት ሳለሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስንከራከርበት ትልቅ ጥያቄ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከገበያ ስመለስ መንገድ ላይ የሚመጣብኝ ጥያቄ ሆኗል፤ ብዙም አያስጨንቀኝም። ባለፈው ነሐሴ ከእትዬ ተሾመች ቀብር በዝናብ ስንመለስ አጠገቤ የሚሄድ ሰው፣ "ሴትዮዋ ምን ነበር የሚሸጡት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ትርኪ ምርኪ" አልሁት።

"እህ" አለና ስለ ጭቃው ማውራት ጀመረ።

መልሴ ውሸት አልነበረም። እትዬ ተሾመች ከቅቤ ተራና ከኮረሪማ ተራ መካከል፣ የመብራት ምሰሶ ሥር ማዳበሪያ አንጥፈው የሚቀመጡ ሴት ነበሩ። ማዳበሪያው ላይ የጀሪካን ክዳን፣ የድስት እጀታ፣ የጃንጥላ ሽቦ፣ ብቻውን የቀረ የበር ማጠፊያ፣ ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር ይደረደራል። ሙሉ የሆነ ዕቃ ሲሸጡ አይቼ አላውቅም።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ሰው የጎደለ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ልኩ ካለ እዚያው ይገጠምለታል። ከሌለ ዕቃውን እሳቸው ዘንድ ትቶ ይሄዳል። ግጣሙ ለሚቀጥለው ገበያ ሊገኝ ይችላል፤ ለዓመቱም ሊሆን ይችላል። ደረሰኝ የለም፤ ስልክ ቁጥር መያዝ የለም። ባለቤቱ በመጣ ቅዳሜ ምሰሶው ሥር ያገኛቸዋል፤ ውሉ ይኸው ብቻ ነው። ከሺሺንዳ የምትመጣው ኸይሪያ የእናቷን ማንቆርቆሪያ፣ ክዳኑ የጠፋውን፣ እንዲሁ ትታላቸው ነበር። ብቅ ባለች ቁጥር፣ "ዛሬስ?" ትላለች።

"ገና ነው ልጄ።"

"ኧረ እትዬ! እናቴ እኮ 'ሸጠሽ በልተሻታል' እያለችኝ ነው።"

"ባርኔጣ እየተሰፋላት ነው በያት።"

ትርኪ ምርኪ የሚለውን ቃል ቦንጋ ውስጥ ያልሰማሁበት ቦታ የለም። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ሠራተኞች ከስብሰባ ሲወጡ፣ "በትርኪ ምርኪ አጀንዳ ቀኑ አለቀ" ይላሉ። እናት፣ ብስኩትና ከረሜላ ሲበላ ውሎ ምሳ እምቢ ያላትን ልጅ በዚሁ ቃል ትቆጣዋለች። ሰባኪው ደግሞ የዚህን ዓለም ሀብት በሙሉ፣ ቤትና መኪና ሳይቀር፣ በዚያች ቃል ጠቅልሎ ይጥለዋል። ጎረቤቴ ሚስቱ ስለ እህቷ ሠርግ ስታወራው፣ "ትርኪ ምርኪውን ተይና ዋናውን ንገሪኝ" አላት፤ እሷ ግን ዋናውን ነበር የምትነግረው። ብዙ ካሰብሁበት በኋላ ቃሉ ስለ ነገሩ ምንም እንደማይነግረን ገባኝ። የሚነግረን ተናጋሪው ከነገሩ ምን ያህል ርቆ እንደቆመ ነው።

እትዬ ተሾመች ግን ቃሉን ከቅርብ ሆነው ነበር የሚጠሩት። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ሲያወሩ እንኳ ሳይለውጡት መሀል ላይ ጣል ያደርጉታል። ዕቃቸው ትርኪ ምርኪ ነው። የልጅ ልጃቸው ሮጣ ስትመጣ፣ "የእኔ ትርኪ ምርኪ" ብለው ያቅፏታል። ሆዳቸውን ሲያማቸውም ሕመሙ ያው ስም ነበረው። ዋጫ ከተማ የምታስተምረው ልጃቸው ምሥራቅ፣ "እማዬ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ" ስትላቸው፣ "ተይኝ እባክሽ፣ ትርኪ ምርኪ ነው" ይሏታል። ምሥራቅም ትተዋቸው ነበር። ነገር ሲደጋገም ሰው ያምነዋል።

ዓምና ከጥምቀት በኋላ ገበያው እንደገና ይደልደል ተባለ። መሀሉ ታጥሮ ሼድ ሊሠራበት፣ ሻጩ ሁሉ በዕቃው ዓይነት ተራ ሊሰጠው ነው። ድልድሉን የያዘው የነጋዴዎች ኮሚቴ ነበር፤ ሰብሳቢው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ አባተ ናቸው። ስብሰባው በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ሆነ። እኔም ሥራ ፈት ነኝና ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቅቤው አለፈ፣ በቆሎው አለፈ፣ ቆጮው አለፈ፤ የእትዬ ተሾመች ተራ ደረሰ።

"ዓይነት?" አሉ ጋሽ አባተ።

"ትርኪ ምርኪ።"

አዳራሹ ሳቀ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ዓይነት አይሆንም። የቤት ዕቃ ልበለው?"

የቤት ዕቃ ሻጮች ተንጫጩ። "እሳቸው የት አገር ነው ዕቃ የሚሸጡት? ክዳን ብቻ!"

"ቁራሌዎቹ ጋ ይሁኑ" አለ ሌላው።

"ቁራሌው በኪሎ ነው የሚመዝነው" አሉ እትዬ ተሾመች። "እኔ በኪሎ አልሸጥም።"

"በምንድን ነው ታዲያ የሚሸጡት?"

"በመግጠም።"

አንድ ጎረምሳ ከመሀል ብድግ አለ። "ታዲያ ደላላ ነኝ አይሉም? ክዳንና ድስት እያጋቡ!"

"አዎ፣ ሁሉን አጋብቻለሁ። የሚገጥም ያጣሁት ላንተ ብቻ ነው።"

ሳቁ እንደገና ተነሣ፤ ጋሽ አባተም ሳቁ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አንሥተው፣ "ልዩ ልዩ እንበለው" አሉ። ለልዩ ልዩ የተሰጠው ቦታ ከከሰል ተራ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነበር።

እዚያ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በማዳበሪያው ሥር ይወርዳል፤ ክዳኖቹ እንዳይሄዱባቸው ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረውለታል። ከሰል ገዢ ካልሆነ በቀር ወደዚያ የሚወርድ ሰው የለም።

"ኸይሪያ ወደ ላይ አልታየችም?" አሉኝ አንድ ቀን። "የማንቆርቆሪያዋ ክዳን ተገኝቷል።"

አልታየችም ነበር። ወይም ታይታ ይሆናል። ሰዎች የድሮ ቦታቸውን የከለለው አጥር ጋ መጥተው ይቆሙ እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። አንዳንዱ ያገኘውን ሰው ይጠይቃል። የቅቤ ሻጮቹ ራሳቸው ወደ ሌላ ጥግ ሄደዋል፤ የሚያውቅ የለም። ለአንዱ "ትተውታል" ይሉታል፤ ለሌላው "ልጃቸው ጋ ሄደዋል"። ከቢታ ገነት ለመጣ አንድ ሽማግሌማ በሕይወት እያሉ "ሞተዋል" ብለውት አልቅሶ ተመልሷል አሉ።

በሰኔ መምጣት አቆሙ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ጊዜው አልፎ ነበር። ስለ ሞታቸው የምጨምረው የለኝም። ምሥራቅ ቤቱን ስታጸዳ ከአልጋው ሥር ኬሻ ሙሉ ዕቃ አገኘች። "የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው፤ ምን ላድርገው?" አለችኝ። ኬሻውን ዘርግፈን አየነው። እጀታ የሌለው ድስት፣ አንድ እግሩ የቀረ መነጽር፣ ጨርቁ የተቀደደ ጃንጥላ፤ ሁሉም ባለቤት ነበረው፤ የማን እንደሆነ ግን እኛ አናውቅም።

ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ፣ ቦታው ልዩ ልዩ ተብሎ ሲወሰን፣ እትዬ ተሾመች አልተከራከሩም ነበር። ቁልቁለቱንም፣ ከሰሉንም እሺ ብለው ተቀበሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉና ሳይቀመጡ ቆዩ።

"ሌላ አለ እትዬ?" አሉ ጋሽ አባተ።

"አንድ ቅዳሜ ብቻ ስጡኝ" አሉ። "አጥሩ ሳይታጠር በፊት በድሮ ቦታዬ ልቀመጥና፣ ለሚመጣው ሰው ወዴት እንደሄድሁ ልንገረው። የሰው ዕቃ አለብኝ።"

"እናየዋለን" አሉ ጋሽ አባተ። "ቀጥሎ!"

አጥሩ በዚያው ሳምንት ዓርብ ዕለት ታጠረ።