በሦስት ብናባዛውስ?

ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ምን ብዬስ ልናገር? በአንዲት እኩልታ ሰው በደልኩ ይባላል? እኔ ግን በድያለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ሳለን አንድ ለአምስት ተደራጅተን ነበር የምናጠናው። የቡድኑ መሪ እኔ ነበርኩ፤ መሪው ያለው ነው የሚጻፈው። ከቡድኑ አባላት አንዷ ጫልቱ እንደ እኔ የሱሉልታ ልጅ ነች፤ ጥያቄ አያልቅባትም። ሒሳብ ልምረጥ ወይስ ባዮሎጂ እያለች ስታመነታ፣ የመምረጫው ቀን ነገ ሆነ።

የዚያን ቀን የቤት ሥራችን ይህ ነበር፦ የዋይ ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም የለውጡ ፍጥነት፣ የራሱ የዋይ ሁለት እጥፍ እንዲሆን፣ ዋይ ምን ይሁን? እኔ መልሱን አገኘሁና ኮራሁ። ጫልቱ ግን አላረፈችም።

"በሦስት ብናባዛውስ? አሁንም መልስ አይሆንም?"

"ኧረ ተይ፣ መልሱ አንድ ነው።"

"እስቲ ቼክ አድርገው።"

ቼክ አደረግኩት። ወረቀቱን በእጄ ከልዬ ዴሪቬቲቩን ወሰድኩ፣ እኩልታው ውስጥ ተካሁት። ግራና ቀኙ እኩል መጣ! በሰባት ሞከርኩ፤ እሱም መጣ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? አንድ ብቻ የመሰለኝ መልስ ለካ ማለቂያ የለውም! ያን ያህል የደነቀኝን ነገር ታዲያ ለምን ደበቅኩት? ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። መሪው ሳላየው እሷ ስላየችው ይሆን? እኔ ነኝ ዓይኗን እያየሁ "አልመጣም" ያልኩት። "ሒሳብ በግምት አይሆንም፣ ጫልቱ" ብዬ የጨመርኩትም እኔው ነኝ።

ደብተሯ ላይ የጻፈቻትን ሦስት ሰረዘቻት። በማግስቱ ባዮሎጂ መረጠች። ነገሩን በሰፊው የተማርነው በቀጣዩ ዓመት፣ ሒሳብ የገባነው ብቻ ነን። አሁን እኔ ቡራዩ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ።

አምና ወደ ሱሉልታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጫልቱ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አካም ጂርታ፣ መሪያችን!" አለችኝ፤ በኦሮምኛ እንዴት ነህ ማለቷ ነው። ስለ ልጆች ስናወራ፣ "ልጄ ሒሳብ አስረጂኝ ስትለኝ ምን እንደምላት ታውቃለህ? የእናትሽ ጭንቅላት ለቁጥር አልተፈጠረም፤ አንቺም ከእኔ ነው የወጣሽው፣ አትድከሚ" ብላ ሳቀች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አብሬያት ሳቅኩ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ ብዬ ይቅርታ እጠይቃችሁ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ስስቅ ግን ልጅ አልነበርኩም፤ የበደልኩትም ከእንግዲህ እሷን ብቻ አይደለም።