ጋሽ ሰይድ እና የዓለም ጤናው የሽንኩርት መኪና

ጠዋት የጋሽ ሰይድ ልጅ ደውሎ «እትዬ፣ አባዬ አረፈ» ሲለኝ «የማን አባት?» አልኩት። ሌላ አባት ያለው ይመስል! ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ያኔ ነው የገባኝ።

እንዴት ብዬ ልመን? ባለፈው ሳምንት እኮ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ሻዩ ስኳር አነሰው ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ነበር።

ሁሌ የምለጥፍላችሁ ቀልድ ነው፤ ዛሬ ታገሱኝ። አዳማ ላይ አሮጌ የጭነት መኪና የነበረው ሰው ሁሉ ጋሽ ሰይድን ያውቀዋል። የወሎ ልጅ ነው፤ በጎረምሳነቱ ናዝሬት መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ በመካኒክነት ኖረ። እኔ የማውቀው ግን በሌላ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። ባለቤቴ ምሥራቅ ግንባር ዘምቷል፤ እኔ ዓለም ጤና ከተማ እናቴ ቤት ሆኜ የመጀመሪያ ልጄን እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ምጥ ያዘኝ፤ ጠናብኝ። አዋላጇ «ናዝሬት ሐኪም ቤት አድርሷት» አለች። በምን? ያን ቀን ከተማው ውስጥ የነበረው ሽንኩርት የጫነ አንድ አሮጌ የጣሊያን መኪና ብቻ ነው። እሱም እየተነሳ እየጠፋ አስቸግሮ፣ ጋሽ ሰይድ ከናዝሬት ተጠርቶ መጥቶ ገና መጠገኑ ነበር።

እናቴ «ታደርሰናለች?» ብላ ጠየቀችው።

«ታደርሳለች እናቴ። ፊልትሮው ነው ቆሽሾ የነበረው፤ አጽድቼዋለሁ።»

ቆቃ ሳንደርስ ጠፋች።

ጋሽ ሰይድ ዘሎ ወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ ፊልትሮውን ፈታው፤ ንጹሕ ነው። ናፍጣውን በእጅ ፓምፑ ሲገፋው አረፋ አረፋ እያለ ይመጣል። «አየር እየሳበች ነው» አለው ሾፌሩን። ከየት እንደምትስብ ግን አልታወቀም። ሾፌሩ ናፍጣውን እየገፋ በመሃል ለእኔ «ጃባዱ፣ በርቺ እህቴ» ይላል፤ ጋሽ ሰይድ ከሥር ገብቶ የሚያፏጨውን ቦታ በጆሮው ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ጋቢና ውስጥ ሆኜ አገር ይያዝልኝ እላለሁ።

ከዚያ ጋሽ ሰይድ በመስኮቱ ብቅ አለ። ላብ በላብ ሆኗል።

«እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አንዴ ብቻ ዝም በይልኝ። መኪናዋ ትናገር።»

እስቲ አስቡት! ምጥ ላይ ያለችን ሴት ዝም በይ! እናቴ ፊቱን ልትቦጫጭቀው ምንም አልቀራት። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ዝም አልኩ። እንዴት እንደቻልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰማት። ናፍጣ ማጠራቀሚያው አጠገብ ቱቦው ከብረት ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተሰንጥቋል፤ አየሩ የሚገባው በዚያች ስንጥቅ ነው። ሳሙና ለቀለቀበት፣ በከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ጠፍሮ አሰረው፣ አየሩን አስወጣ። ተነሳች። ናዝሬት ገባን።

ልጄ ግን በሕይወት አልተወለደችም። ሴት ነበረች።

ሐኪሙ «ልጅቷ ከቤት ሳትወጪም አርፋ ነበር፤ ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ አንቺም አትተርፊም ነበር» አለኝ። ይህንን ለጋሽ ሰይድ ስንት ጊዜ ነገርኩት! «ተይ እባክሽ፣ ሐኪም እንዲህ እያለ ነው የሚያጽናናው» ይለኛል። «ያንን ቱቦ ጠዋት አይቼው ቢሆን ኖሮ» ይላል። እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ያቀረቅራል። ዕድሜ ልካችንን በዚህ ነገር ስንጨቃጨቅ ኖርን።

ድሮ ጋራዥ ውስጥ «ዝም በሉ፣ መኪናዋ ትናገር» ማለት ልማዱ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህንን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው የለም። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ያስደግፍና እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል፤ ሰዉ እንደፈለገ ይንጫጫ። ወጣቶቹ መካኒኮች የሙያ ነገር ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

ባሌ በሰላም ተመልሶ ናዝሬት መኖር ጀመርን፤ ደግሜ አረገዝኩ። መውለጃዬ ሲደርስ ጋሽ ሰይድ አንድ አሮጌ ፒክአፕ አምጥቶ ደጃችን ላይ አቆመና ቁልፉን ልታርሰኝ ለመጣችው እናቴ ሰጣት።

«እና እኔ ልንዳው?» አለችው።

«አይ እናቴ፣ መኪና መኖሩን ይወቁት ብዬ ነው።»

ነዳጅ በራሽን በሚታደልበት ዘመን በየማለዳው እየመጣ ያስነሳዋል፣ ያዳምጠዋል፣ «ደህና ነው» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሦስቱንም ልጆቼን ስወልድ እንዲሁ አደረገ። ሰፈሩ «የማንን ልጅ ነው የሚጠብቀው?» እያለ ሲስቅበት እንዳልሰማ ያልፋል።

ቀብሩ ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ልጆቼ ሄደዋል። ሴት መቃብር አትወጣም ተብዬ ከሚስቱና ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀርቻለሁ። ልሰናበትህ የምችለው እዚሁ ነው።

ጋሽ ሰይድ፣ ጋሼ፣ አላህ ይዘንልህ። ጀነት ይስጥህ።

ዛሬ አትከራከረኝም፣ እስኪ አንዴ ልጨርስ። አልዘገየህም። ያቺ መኪና ላይ ሁለት ነፍስ ነበርን። ለአንዷ ዕድሜህን ሙሉ አዘንክላት። ሌላዋ እኔ ነኝ። አርጅቼ፣ ሸብቼ፣ የልጅ ልጅ አቅፌ፣ ይኸው ቤትህ ተቀምጬ አለቅስልሃለሁ።