ልጄ ያላየችው ቀብር

ከባለቤቴ ጋር ያደረግነው የመጨረሻው ተራ ነገር የልጃችን ክፍል ውስጥ መጋረጃ መስቀል ነበር። እሱ የወጥ ቤት ወንበር ላይ ቆሟል፤ እኔ ብሎኖቹን በኩባያ ይዤ ከሥሩ ነኝ፤ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጃችን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ታዘዋለች።

«ባባ፣ ጠማማ ነው።»

«ጠማማው ቤቱ ነው። መጋረጃውማ ቀጥ ብሏል።»

«ሲሪየስሊ፣ ባባ! በግራ በኩል ወርዷል።»

«እንግዲያው አንገትሽን ወደ ግራ ዘንበል አድርገሽ እዪው።»

እሷ ሳቀች። እኔ ምሳው እንዳይቀዘቅዝ ቶሎ በሉ አልኩ። በሦስተኛው ቀን አትላንታ አጠገብ ኢስት ፖይንት ውስጥ፣ የኤርፖርት መንገደኞች በሚያመላልስባት ሚኒባስ ላይ እንዳለ ልቡ ቆመ። ተሳፋሪ አልጫነም ነበር። መኪናዋንም ፓርክ አድርጓት ነበር አሉኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሰዓት ይመረጥለታል፣ ነጋሪ ይመረጥለታል። ከተማው ውስጥ ያሉት የወሎ ሰዎች እኩለ ቀን ሳይደርስ ቤቴ ተሰበሰቡ። ባለቤቴ እንደ አባት የሚያያቸው ሽማግሌ፣ «ልጅቷ የዓመቱን ፈተና ይዛለች። ትጨርስና ይነገራታል» አሉ። እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ጀናዛ ግን አይቆይም። በማግስቱ ከዙህር ሰላት በኋላ ቀበርነው። በዚያ ሰዓት ልጄ የሒሳብ ፈተና ላይ ነበረች። አባትሽ ወንድሙ ታሞበት ኦሃዮ ሄዷል አልኳት። ለቀስተኛው ቤቱን ስለሞላው ደግሞ፣ ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው ብዬ ፓይን ሌክ ያለች ጓደኛዬ ጋ አሳደርኳት።

ከሞተ በአራተኛው ቀን መጽሐፍ ረስታ ሳትናገር መጣች። ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች ዓይናቸውን ጠርገው «እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ» አሏት። ዞር ዞር ብላ ግድግዳውን አየች፤ የቀለም ሽታ የለም። የወጥ ቤቱን ስልክ አንስታ የአባቷ የጥሪ መቀበያ ፔጀር ላይ ደወለች። ፔጀሩ ሆስፒታሉ ከሰጠኝ ዕቃዎቹ ጋር ጭኔ ላይ ያለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ተንቀጠቀጠ። ድምፁ ለሁሉም ተሰማ።

«ማሚ፣ የባባ ፔጀር ለምን አንቺ ጋ ሆነ?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ እሷ ወጥታ ነበር።

በኋላ መሞቱን ስነግራት አላለቀሰችም። የትምህርት ቤቱን አማካሪ «ሲቀበር አላየሁም፤ ኦሃዮ ነው ያለው» አለቻት። መቃብሩ ድረስ ወሰድኳት፤ «ማንም ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ፖሊስ ሁለት ጊዜ ከአውቶቡስ ጣቢያ አመጣልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ የኦሃዮ ትኬት ይዛ ነበር። በክረምቱ ብርድ ደግሞ ክኒን ዋጠች። ደርሰንባት ተረፈች።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወደ ቤት መመለሷን አልወደደውም። ከአትላንታ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተነድቶ፣ በዕድሜዋ ያሉ ልጆች ለወራት እየኖሩ የሚታከሙበት ቤት አለ አለኝ። የሚፈለገው የእኔ ፊርማ ነበር።

ሴቶቹ ደሴ ላኪያት፣ አያቷ ጋ ስትሆን ይረሳታል አሉኝ። ቁርኣን ይቀራላትም አሉ፤ ከሆስፒታል በፊት አስቀርቼላታለሁ። ጸጥ ብላ ሰምታ ሸኹን በትሕትና አመሰገነቻቸው፤ በሳምንቱ ነው ክኒኑን የዋጠችው። የፓይን ሌኳ ጓደኛዬ ብቻ «አስገቢያት» አለችኝ። «ግን ለሰው ዳላስ አክስቷ ጋ ሄደች በይ። ነገ ማን ያገባታል?»

ቤቱን ብቻዬን ሄጄ አየሁት። መስኮቶቹ ከአንድ መዳፍ በላይ አይከፈቱም። ልጆቹ ራሳቸውን እንዳይጎዱበት የጫማ ማሰሪያ ሁሉ ተፈትቶ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጧል። ሁለት ልጆች ካርታ ይጫወታሉ። አንዷ ሶፋ ላይ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ወስዷታል። ከሁሉም በላይ እሷን አይቼ ቀናሁ፤ የኔ ልጅ እንደዚያ ከተኛች ቆይታለች።

ያስጎበኘችኝን ሴት አሳማ እንዳይሰጧት፣ ማን እንደሚጠብቃት፣ መደወል ትችል እንደሆነ ጠየቅኳት። ሁሉንም መለሰችልኝ፤ ከዚያ በተራዋ፣ «ስለ አባቷ ሞት ምን ተነገራት?» አለችኝ። ስለ ኦሃዮ ነገርኳት። አልተቆጣችም። «አንቺን ሳታምን እኛን አታምንም» አለችኝ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ነዳሁ። ልጄ አልጋው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ።

«ልታስቆልፊብኝ ነው አይደል?»

«አዎ፣ በሩ ይቆለፋል።»

ቀና ብላ አየችኝ። አይቆለፍም እንድላት ጠብቃ ነበር መሰለኝ።

«እስከ መቼ?»

«ወራት ነው። ስንት እንደሆነ አላውቅም።»

«ለሰዎቹስ? ኦሃዮ ሄደች ልትያቸው ነው?»

«ታማ ሕክምና ላይ ናት እላቸዋለሁ።»

«አትዪም።»

«እላለሁ።»

«ያቺ ፓይን ሌክ ያለችው ጓደኛሽ በድንጋጤ ትሞታለች።»

«ትሙት» አልኩ። አፌ ውስጥ የነበረ ቃል አይመስልም። ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

ከዚያ፣ «የባባን ቀብር ንገሪኝ። ሁሉንም» አለች።

ነገርኳት። ማን እንዳጠበው፣ ማን ማን እንደተሸከመው፣ አፈሩ ቀይና እርጥብ እንደነበረ፣ አንዱ ወጣት አካፋውን ለሌላው አልሰጥም ብሎ ብቻውን አፈር ሲያለብስ እንደቆየ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ከመኪና ውስጥ ሆኜ እንዳየሁ። አንቺ ከጎኔ መቀመጥ ነበረብሽ፣ የከለከልኩሽ እኔ ነኝ አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች። ነርሷ ደንግጣ መጣች፤ ተያት አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ወሰድኳት። ሻንጣዋን ራሷ ያዘች። እኔ ስፈርም እሷ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች፣ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችና የላላ ጫማዋን እየጎተተች ገባች።

ጁምዓ ላይ ሴቶቹ የት ሄደች አሉኝ። ነገርኳቸው። አንዷ «አስተግፊሩላህ» ብላ ወሬ ቀየረች። የፓይን ሌኳ ለብዙ ጊዜ አልደወለችልኝም።

ልጄ በበጋው ተመለሰች። ፈጽሞ ድና አይደለም፤ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ከአልጋ የማትነሳባቸው ቀኖችም አሉ። አባቷን ግን ሞቷል ትላለች። አውቶቡስ ጣቢያም ዳግመኛ አልሄደችም።

አሁን እዚህ ከተማ ከእኛ ሰው አንዱ ሲሞት፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የማመጣቸው እኔ ነኝ። መኪናው ውስጥ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ቀብሩ ይዣቸው እሄዳለሁ።