የልጃቸው ትልም

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ ነው፣ ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት የአፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ቴክኒሺያን ሆኜ የተቀጠርሁት። ከደብረ ማርቆስ ብቻዬን መጥቼ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዮቼ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም ሱሪ ለብሳ፣ ቡትስ ተጫምታ፣ ጭቃ ተለውሳ የምትገባን ሴት ምን ብለው እንደሚያጫውቱ አያውቁም። ሰላምታ ተለዋውጠን በየበራችን እንገባለን። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ታንኳዎቹ ሲያልፉ አያለሁ፤ ቀዛፊዎቹ ከሩቅ ሲጠራሩ እሰማለሁ። እኔን በስሜ የሚጠራኝ ሰው ከመሥሪያ ቤት ውጭ አልነበረም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከዓባይ ማዶ አልፎ በሐሙሲት መንገድ ለሚመሠረት አዲስ መንደር የውሃ ጉድጓድ ቦታ እንድናጠና ታዘዝን። መቆፈሪያ መኪናው ከመምጣቱ በፊት አፈሩን በእጅ መሰርሰሪያ እየወጋሁ ማየት የእኔ ሥራ ነበር። ካርታው ላይ ምልክት ከተደረገባቸው ቦታዎች አንዱ ያረፈው ታርሶ ሳይዘራ በቆየ ማሳ መሐል ነው።

ማሳው ዳር አንዲት እናት ቆመው ነበር። ሰላምታዬን መልሰው፣ እንዳልገባ ለመኑኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ውሃው እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ፤ ብቻ ሌላ ቦታ ይሁን አሉ። ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ ነው ያረሰው» አሉ። «በሬዎቹን ፈትቶ ገና ቤት ሳይደርስ ለውትድርና ወሰዱት። ከእጁ ሥራ የቀረችኝ ይቺው ናት።»

ቦታውን ልተወው አልችልም ነበር፤ ያለ እሱ ውሃው በየት በኩል እንደሚሄድ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ እንዴት እንደምሠራ አስረዳኋቸው። መሣሪያው ከክንዴ የማይሰፋ ቀዳዳ ብቻ እንደሚበሳ፣ ትልሙን እንደማላፈርስ፣ ያወጣሁትን አፈር በየተራው መልሼ እንደምከተው ነገርኋቸው። መሬቱን ብዙ ካዩ በኋላ «እንግዲህ እንዳልሽ» አሉኝ።

ቡትሴን አውልቄ አንዷን ትልም ተከትዬ በባዶ እግሬ ገባሁ። ጆንያ አነጠፍሁ፤ ጥቁሩን ዋልካ አፈር ለብቻው፣ ከሥሩ ያለውን ግራጫ ለብቻው፣ እርጥቡን ለብቻው አኖርሁ። እሳቸው ድንበሩ ላይ ተቀምጠው እናቴ በሕይወት እንዳለች፣ ወንድም እኅት እንዳለኝ ይጠይቁኝ ነበር።

«ማታ ስትገቢስ ማን ይጠብቅሻል?»

«ማንም» አልኋቸው።

የመሰርሰሪያው ጫፍ ውሃ ይዞ ሲወጣ ናሙናዬን ወሰድሁና፣ መጨረሻ የወጣውን አፈር መጀመሪያ እየከተትሁ ቀዳዳውን ደፈንሁ። በገባሁባት ትልም ተመልሼ ወጣሁ።

የቡድኑ መሪ ግን መኪናው ማሳውን አቋርጦ እንዲገባ ፈልጎ ነበር፤ አጭሩ መንገድ እሱ ነው። ቢሮው ገብቼ ስለ ሴትየዋ ልጅ ስነግረው በሩን ዞር ብሎ አየና፣ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ እንዳላወራ አስጠነቀቀኝ። ዋልካው ዝናብ ስለጠጣ መኪናው እንደሚሰምጥ፣ በከብት መሄጃው ዞሮ ቢመጣ መሬቱ ጠንካራ እንደሆነ ስነግረው ግን ተስማማ። መኪናው ከመንገዱ እንዳይወጣ ካስማ ተከልሁ። ጉድጓዱ ከማሳው ውጭ ተቆፈረ፤ ጭቃውም ወደ ትልሞቹ እንዳይፈስ ቦይ ቀደድንለት። ጥሩ ውሃ ተገኘ።

ከገና በፊት የውሃውን ከፍታ ልለካ ተመልሼ ሄድሁ። ማሳው ላይ ሽምብራ በቅሎ አየሁ። የልጁ ትልም የለም። ደንግጬ ቆምሁ። እናቱ ከቤት ወጥተው ፊቴን ሲያዩ ገባቸው።

«መሬቱ ጦም ካደረ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች ለሌላ ይሰጡታል» አሉኝ። «ሲመጣ መሬት አይጣ ብዬ ጎረቤት ለምኜ አሳረስሁት።»

ስለ ልጃቸው የሰሙት ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። ከሽምብራው እሸት ነቅለው አስታቀፉኝና እዚያው እንዳድር ለመኑኝ። ሁለታችንም ብቻችንን ነን አሉ። መኪና እየጠበቀኝ ነው አልኋቸው። የሚጠብቀኝ መኪና አልነበረም። ለምን እንዲያ እንዳልሁ እኔም አላውቀውም፤ ብቻዬን መሆን ለምጄ ይሆናል። መንገድ ዳር ቆሜ እሸቱን እየፈለፈልሁ ከጎንደር የሚመጣውን አውቶቡስ ጠበቅሁ። ሲመጣ መቀመጫ አልነበረውም፤ እስከ ባሕር ዳር ቆሜ ሄድሁ።

ብዙም ሳልቆይ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወርሁ። ልጃቸው ይመለስ፣ ይቅር፣ የነገረኝ ሰው የለም።