እማማ ዘነቡን ያስራብኩበት ቀን

ባለፈው ሰመር፣ በሙቀቱ ወቅት ነው። የማልረሳው በገዛ አንደበቴ ስለተዋረድኩ ነው፤ አንደበቴን ደግሞ እንደ ሀብት ነበር የምቆጥረው።

ጎረቤቴ እማማ ዘነቡ ሰማንያን አልፈዋል፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የዳላስ ፀሐይ አስፋልት ሲያቀልጥ፣ እሳቸው የመብራት ቢሉን ፈርተው ማቀዝቀዣውን፣ ኤሲያቸውን ያጠፉና እርጥብ ፎጣ አንገታቸው ላይ ይጠመጥማሉ። አንድ ቀን ራሳቸውን ስተው ወደቁ።

ከተማችን ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ከመብራትና ከውሃ ቢል ላይ ታክሱን ታነሳለች። እማማም «እሱ ከተነሳልኝ ኤሲውን እከፍታለሁ» ብለው ለልጃቸው ቃል ገቡ። ልጃቸው ከኤርፖርት ሥራዋ መቅረት ስላልቻለች እኔ ጋ መጣች።

«እማዬን ውሰድልኝ። ቤትህ ቁጭ ብለህ ከመንግሥት ጋር ስትጣላ ነው የምትውለው፤ ዛሬ እዚያው ቢሮው ሄደህ ተጣላ።»

እውነቷን ነው። «መንግሥት የወሰደውን ሲመልስ እጅ እንድንነሳለት ይፈልጋል» እያልኩ በጽሑፍ ስከራከር ነው የኖርኩት። ግን ሴትየዋ ወድቀዋል። እሺ አልኩ።

እማማ ጥበባቸውን ለብሰው፣ የወርቅ ጉትቻቸውን አድርገው መኪናዬ ውስጥ ገቡ። «ቢሮ እኮ ነው የምንሄደው» አሉኝ፣ ነጠላ ጫማዬን እያዩ።

«እማማ፣ ዛሬ እንኳን ሲጠይቁዎት ‹ተመስገን› እንዳይሉ፤ ያልተቸገሩ ይመስላቸዋል።»

«አምላኬን ልታስክደኝ ነው?»

ቢሮው ስንደርስ መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ በእንግሊዝኛ «ሙቀቱን እንዴት ቻሉት?» አለች። ገና ከመተርጎሜ፣ እማማ «ተመስገን! ምን ጎድሎኝ!» አሉ።

ደነገጥኩ። «እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ አብዛኛውን ቀን ከአልጋ አይነሱም፤ በቀን አንዴ ከበሉ ዕድለኛ ናቸው» ብዬ ለሠራተኛዋ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩ። ድምፄንም ትንሽ አንቀጠቀጥኩት።

እማማ ዞረው አዩኝ። ለካ ጡረታ እስኪወጡ ሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ሲሠሩ የሰሙት እንግሊዝኛ አልጠፋባቸውም።

«ኖ! አይ ኢት ጉድ! ኤቭሪ ዴይ!» አሏት ሠራተኛዋን፤ በየቀኑ በደንብ እበላለሁ ማለታቸው ነው። ተነስተውም ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞሩላት። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «አንተ ውሸታም! ልጄ እናቷን ታስርባለች ልታሰኝ ነው? ቤቴ ውሰደኝ፤ ታክሱም ይቅርብኝ!» ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወደ በሩ ሄዱ።

ሠራተኛዋ ሳቋን እየታገለች ጠራችኝ። «ይህ ሁሉ አያስፈልግም። መታወቂያቸውን ብቻ አምጣልኝ፤ ዕድሜያቸው ይበቃል።»

በሩ ጋ ደረስኩባቸው። ጉልበታቸውን ስሜ መታወቂያውን ተቀበልኩ። ታክሱን ማስነሳቱ አምስት ደቂቃም አልፈጀም።

ዛሬ ኤሲያቸው ሲያጉረመርም ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። እማማ ቤተ ክርስቲያን ከሰው ሲያስተዋውቁኝ «አስርቦ የገደለኝ አስተርጓሚዬ ነው» ይላሉ። አብሬ እስቃለሁ፣ ግን ትንሽ ይቆጠቁጠኛል። በእኔ ንግግር ተሳክቶ ቢሆን ስንት ጽሑፍ እጽፍበት ነበር! የተሳካው ግን እሳቸው ዕድሜ ጠግበው በመኖራቸው ነው፤ እኔ የጨመርኩበት ረሃቡን ብቻ ነው።