ሰማንያኛው ምት

አግብቼ ወደዚህ መንደር ስመጣ መጀመሪያ የለመድኩት ድምፅ የባሌ እህት የቶአካሴ መዶሻ ነው። እዚህ በውቅያኖስ መሃል፣ በሃአፓይ ደሴቶች፣ ሴቶች ጠዋት ጠዋት በአንድ ረጅም ግንድ ፊት ተደርድረው የዛፍ ልጥ ይቀጠቅጣሉ። ልጡ እየሳሳ፣ እየሰፋ ሄዶ ለሠርግም ለለቅሶም የሚነጠፍ ጨርቅ ይሆናል። አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ታሳርፋለች፤ ምቱ አይጋጭም። ከጓዳዬ ሆኜ የትኛው ምት የማን እንደሆነ እለይ ነበር። የቶአካሴ ወፍራምና እኩል ነው።

በሠላሳ አራት ዓመቷ ያ ምት ይዝል ጀመር።

መጀመሪያ የግራ ዓይኗ ቆብ ወደቀ። ቀጥሎ ማታ ማታ ጎደሬ ማላመጥ አቃታት፤ አገጯን በእጇ ደግፋ ትበላለች። ስትስቅ ደግሞ ፊቷ የተቆጣ ይመስላል። ልጄ፣ "አክስቴ ምን አድርጌባት ነው የምትቆጣኝ?" ብላ አለቀሰች። እኛ ዘንድ የአባት እህት ቁጣ ቀላል ነገር አይደለም፤ ልጅቷ ሁለት ቀን እህል አልቀምስ አለች።

"ቶአካሴ፣ ግንዱ ላይ ታንቀላፊያለሽ እንዴ?" አለቻት ጎረቤታችን ሲውቲቲ። "ባል ፍለጋ ስትዞሪ አድረሽ ነው!"

"ባገኝስ ምን ዋጋ አለው? በዚህ ዓይኔ ግማሹን ነው የማየው" አለች ቶአካሴ። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን መዶሻውን አስቀምጣ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ሰነፍ የሚል ስም ወጣላት።

በጀልባ ወደ ትልቁ ደሴት ጤና ጣቢያ ሁለት ጊዜ ሄድን። ጎህ ሲቀድ ተነስተን፣ ጀልባው ላይ ጋደም ብላ አርፋ ስለምትደርስ፣ መርማሪው "ጣቴን ጨምቂ" ሲላት ታስጮኸዋለች። አንዴ ደም ማነስ ነው አሉን፤ አንዴ ሐሳብ ነው አሉን።

ዘመዶች ግን የሚያውቁት ነገር ነበራቸው። የሟች አጥንት ሲጎዳ ሕያው ዘመዱ ይታመማል። የአባቷን መቃብር በማለዳ ከፈትን። እኔም ቆሜ አይቻለሁ፤ የዛፍ ሥር በግራ በኩል የራስ ቅሉን ወግቶ ገብቷል። ሥሩን ቆርጠው፣ አጥንቱን በዘይት አብሰው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መለሱት። ቶአካሴ አምስት ቀን አርፋ ተኛች፤ ዓይኗም ተከፈተ! መንደሩ በሙሉ መዝሙር ዘመረ። በስድስተኛው ቀን ግንዱ ፊት ተቀመጠች፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኗ ተመልሶ ወደቀ። በዚያው ማታ ውሃ ስትጠጣ በአፍንጫዋ ወጣ። ያን ጊዜ ፈራሁ። ጉሮሮዋ እንደ ዓይኗ ቢዘጋስ?

መላው የመጣው ከአሮጊቷ ጎረቤታችን ከእማማ ሌሲኤሊ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምቱን ያዳምጣሉ።

"ያቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም" አሉኝ። "ሰነፍ ከመጀመሪያውም ይሰንፋል። እሷ እንደ ጎረምሳ ጀምራ እንደ እኔ ትጨርሳለች። ውሃ ጠጥታ ስትመለስ እንደገና ጎረምሳ ናት። እስቲ ቁጠሪ፤ ተምረሻል አይደል?"

ቆጠርኩ። በልጄ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ክንዷ እስኪዝል ጠዋት ሁለት መቶ ምት፣ ቀትር ላይ መቶ ሃያ፣ ከሰዓት ሰማንያ። አንድ ቀንም አልተዛነፈም።

ከዋና ከተማ ሐኪም ጤና ጣቢያው መጥቷል ሲባል፣ መዶሻውንና ትንሽ ግንድ ተሸከምኩ።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለችኝ ቶአካሴ።

"እትዬ፣ እኔ አንቺን ላዝዝ አይገባኝም። ግን ዛሬ የምንሄደው ከሰዓት ነው፤ ጀልባው ላይም አትተኚም።"

"የወንድሜ ሚስት አብዳለች" አለች። ግን መጣች።

ሐኪሙ ፊሊሞኔ የሚባል ወጣት ነው። ደብተሩን አነበበ፤ አልሳቀም። "እሺ፣ ምቺ" አላት። ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ መታች። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ አብረውኝ ይቆጥሩ ጀመር። ሰባ ላይ ዓይኗ ወደቀ። ሰማንያ ላይ ክንዷ ጭኗ ላይ አረፈ፤ "በቃኝ" ስትል ድምፅዋ በአፍንጫዋ ወጣ።

"በረዶ ያለው ማነው?" አለ ሐኪሙ።

ዓሣ አጥማጆች ከሳጥናቸው አመጡ። በላስቲክ ጓንት ቋጥሮ የተዘጋው ዓይኗ ላይ አስቀመጠው። ሁለት ደቂቃ። የዓሣ ሽታ ያለው ውሃ በጉንጯ ይወርዳል። ከዚያ አነሳው።

ዓይኗ ተከፍቷል! አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ጡንቻሽ ደህና ነው፤ ነርቭሽም ደህና ነው" አላት። "መሃላቸው ላይ መልእክቱ ይቀራል። የገዛ ሰውነትሽ ነው መንገዱን የሚዘጋው። ስታርፊ ይከፈታል፤ ቅዝቃዜም ለጊዜው ይረዳል። በደም ምርመራ እናረጋግጣለን፤ መድኃኒትም አለው።"

"ስም አለው?" አለች ቶአካሴ።

"አለው። ሚያስቴኒያ።"

ቀስ ብላ ደገመችው፤ አለቀሰችም። ለሦስት ዓመት ስሟ ስንፍና የነበረ ሴት ናት።

የደሙ ውጤት እንዳለው ሆነ። በየአራት ሰዓቱ ትንሽ ክኒን ትውጣለች። አልዳነችም፤ ግን ምግቧን ታላምጣለች፣ ትውጣለች። ስለ መቃብሩ የዛፍ ሥር ማንም ምንም አይልም፤ እኔም በዓይኔ ያየሁትን አልክድም።

መጀመሪያ ወደ ግንዱ የተመለሰች ቀን እማማ ሌሲኤሊ በረንዳቸው ላይ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ሰማንያን አለፈች። ሁለት መቶን አለፈች። ሁለት መቶ አርባ ላይ ምቷ ሲዝል፣ "ሁላችሁም እረፉ!" አሉ። ሁሉም መዶሻ ቆመ። አሁን በመሃል አብሮ ማረፍ ልማድ ሆኗል።

"በቶአካሴ ሰበብ እኛም አረፍን" አለች ሲውቲቲ፣ ወገቧን እያሸች። "ቀደም ብለሽ ብትታመሚልን ምን ነበረበት?"

ልጄ ጓዳ ድረስ ሮጣ መጣች።

"እማዬ፣ ነይ እይ! አክስቴ እየሳቀች ነው፤ ፊቷም ይስቃል!"